ደህና ነው ብለን ያስፈረድንበት ሰው

ይድረስ ለእታለሜ፣ የወንድሜ ሚስት ልትሆኚ አንድ ክረምት ብቻ ቀርቶሽ ለነበርሽው፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ! እንዴት ከርመሻል? ሰውነትሽ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እመቤትሽ አሁንም ሻይ ቀዘቀዘ ብላ ትቆጣለች? እኔን አስጠሪኝና አንድ ሳምንት ብቻ ላገልግላት፤ ከዚያ በኋላ ያንቺን ሻይ በረዶም ቢሆን አልሐምዱሊላህ ብላ ትጠጣዋለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይቺን «ደህና» የምትል ቃል ግን ዘንድሮ ፈርቻታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ላይ ከሳቅ በቀር ምንም ስለማልችል ነው። ድምፅ ቀድቼ እንዳልልክ ደግሞ እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ስለዚህ ወደናንተ በምትመለሰው በባሲማ ሻንጣ፣ በርበሬው መሀል ወሽቄዋለሁ። ብታስነጥሽ አፉ በይኝ። በጽሕፈቴም አትሳቂ፤ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ ርእሰ መምህሩ በደስታ ነው የሸኙኝ።

ነገሩ የወንድሜ ነው። ስሙን ሳነሳ ወረቀቱን እንዳትቀጂው፣ በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ሽማግሌ ልኮ ቃሉን ሲያፈርስ አባትሽ ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ትንሽ ነው ያሉት፤ እኔ ብሆን እጨምርበት ነበር። ብቻ አንቺ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ከውትድርና ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነበር። ሰፈሩ እየዳበሰ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነ አለ። እቤት ግን አልጋ ላይ መተኛት ተወ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ያነጋል። የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ገበያ መሀል መሬት ላይ ይደፋል። ሌሊት ይጮኻል። ጩኸቱን እኔ ወሰድኩት! ለጎረቤት ሁሉ፣ ቅዠታሟ እኔ ነኝ አልኩ። ከኔ የማይጠበቅ ነገር የለማ፣ እሺ አሉ። ግድግዳ የምንጋራት እትዬ የሻለም እንዲያውም ጸበል አምጥታ ፊቴን ረጨችኝ።

በኋላ ደሴ ያሉ ሐኪም መርምረውት፣ ሕመሙ የአእምሮ ነው፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው ብለው ጻፉለት፤ መድኃኒትም ጀመሩለት። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እዚህ መካነ ሰላምም አይገኝም። ስለዚህ የጉዳት ጡረታና ሕክምናው እንዲፈቀድለት አመለከተ። ጡረታውን የሚወስነው ቦርድ ጎረቤት የሚጠይቁ ሰዎች ላከ። አይ ጉድ! እናቴ የኢድ ጀለቢያውን አልብሳ፣ ጸጉሩን ቅባት ቀብታ፣ ሙሽራ አስመስላ አስቀመጠችው። («ሙሽራ» በማለቴ አትቀየሚኝ።) ጎረቤቱም ልጅ ሊድሩለት የመጡ ይመስል በምስጋና ተሽቀዳደመ። ቁርአን የሚያቀሩት ሼህ ሃሩን፣ አሕመድኑርን ነው? እንደሱ ያለ ጨዋ ወሎ ቦረና ላይ አልበቀለም፣ አእምሮው ከኔም ይበልጣል አሉ። እትዬ የሻለም፣ በማርያም፣ ድምፁንም ሰምቼው አላውቅ አለች። እኔስ? ጤነኛ ባይሆን የኔን እራት ጨምሮ ይበላ ነበር? አልኩ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ እኛ አገር የሰው ገመና እንግዳ ፊት አይወጣም።

ውሳኔው መጣ። የአእምሮ ጉዳት አልታየበትም፤ ጎረቤቶቹም ጤነኛ ለመሆኑ መስክረዋል፤ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ይላል። ወንድሜ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተውና፣ መቼም በጣም ነው የምትወዱኝ አለ።

ይግባኝ ይቻላል ተባለ። ግን እነዚያው ያመሰገኑት ሰዎች ደሴ ድረስ ሄደው፣ ዋሽተናል ሊሉ ነው። እሱ እምቢ አለ፤ ሼህ ሃሩንን ያህል ትልቅ ሰው በአደባባይ ዋሾ ከማሰኝ ሕመሙን እመርጣለሁ አለ። ሼህ ሃሩን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ከች አሉ። አንተ ልጅ፣ ገመና የሚሸፈነው ሰውየው እንዲድን ነው፤ የኛ ሽፋን አንተን አፍኖህ የለም እንዴ? በል የመኪናውን የፊት ወንበር ያዝልኝ አሉት። እትዬ የሻለምም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለች። እናቴን ግን አስቀረናት፤ ቦርዱንም ቅባት ትቀባዋለች ብዬ።

መንገድ ላይ በየጠመዝማዛው ሼሁ ያሲን ይቀራሉ፣ እትዬ የሻለም ማርያምን ትጠራለች። ሹፌሩን፣ በሁለቱም ተማምነህ ነው ፍሬን የተውከው? ብዬው አቀስታ ከተማ ልጥልሽ ነው አለኝ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሴት ናት፤ ዓይኗ መርፌ ነው። ባለፈው ጤነኛ ብለዋል፣ ዛሬ ታሟል ይላሉ፤ የቱ ነው ውሸቱ? አለቻቸው። የመጀመሪያው ነው ልጄ አሉ ሼህ ሃሩን፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። ታዲያ ዛሬ በምን እንመንዎ?

እታለሜ፣ ቀልዴ የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሼሁ እንዲህ አሉ። ደረሶቼ ቁርአናቸውን ቀርተው ሲጨርሱ የሚጽፉበትን የእንጨት ሉሕ ጧ ጧ እያደረጉ ይደረድሩ ነበር። ይህ ልጅ በደጅ ሲያልፍ ያን ድምፅ ሰምቶ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አጎዛ አንጥፌ ሉሑን እሱ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ጧ ያደረገ ጠቡ ከኔ ጋር ነው። ለምን እንደሆነ ለደረሶቹም አልነገርኩም።

እትዬ የሻለም ቀጠለች። ሙቀጫዋን ከግድግዳችን አንስታ ጓሮ የወሰደችው ለሱ ብላ ኖሯል፤ ዝናብ እየወረደባት ትወቅጣለች። እኔ ደግሞ፣ ባልሽ እንዳይቀምስብሽ ነው የተደበቅሽው? እያልኩ ስሳለቅባት ከርሜያለሁ! ጩኸቱስ? ስትባል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው እመቤቴ፣ የወንድና የሴት ድምፅ መች ይጠፋኛል፤ ይቺ ቀበጥ እኔ ነኝ ስትል እሺ አልናት እንጂ አለች። ጸበሉስ? አልኳት ከኋላ። አንቺንም አይጎዳሽም ብዬ ነው አለችኝ። ሰፈሩን አሞኘሁ ብዬ ስኮራ፣ ሰፈሩ እኔን ተሸክሞኝ ነበር።

ወንድሜ ይህን ሁሉ የዚያን ቀን ነው የሰማው። ማንም አላወቀብኝም ብሎ ነበር የሚኖረው። ሰብሳቢዋ፣ አንተስ? ስትለው እንደ ወትሮው ደህና ነኝ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። አንድ ሰው ነበረችኝ አለ። ልንጋባ ነበር። አንድ ሌሊት እናቴ ጋቢ ልታለብሰኝ ስትጠጋ ሳላውቃት አንገቷን ያዝኩ። ስነቃ ያየሁት ግን የእናቴን አንገት ብቻ አይደለም። በማግስቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ምክንያቱን ነግረሃታል? አለችው።

ብነግራት አብራኝ ትቀር ነበር አለ።

ማንን እንዳለ እኔ አላውቅም። እኔ እስከ ስምንተኛ ነው የተማርኩት፤ አንቺ አሥረኛን ጨርሰሻል፣ ድረሽበት።

ትናንት መልሱ መጣ። የፊተኛው ውሳኔ ተሽሯል፤ ጉዳቱ ከውትድርናው የመጣ ነው፤ ጡረታውም ሕክምናውም ተፈቅዷል። ሼህ ሃሩን አንብበው ሲጨርሱ ግቢው ሙሉ ሴት እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሁላችንም ዞረን እሱን አየነው። እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን ያለ ድምፅ ቆምን። ብታዪን እብዶቹ እኛ ነን። ከዚያ እሱ ግድግዳውን በመዳፉ ያዘና፣ እልል በሉ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል አለ። ወላሂ፣ አቀለጥነው! ላብ በላብ ሆነ፤ ግን እስክንጨርስ ቆሞ ሰማን።

በይ እታለሜ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የደከምሽበትን በደስታ ያስበላሽ፤ እግርሽን ወዳገርሽ ያቅናልሽ። ይህን መጻፌን እሱ አያውቅም። ከተጠየቅሽ፣ ሽቶ ላኪልኝ ብላ ነው በይ፤ እግረ መንገድሽንም ላኪልኝ። የስልክህን ቁጥር ቀይር ብዬ ስንት ጊዜ ነዘነዝኩት፣ ነጋዴው ሁሉ ተሳስቶ ይደውልበታል። እምቢ አለኝ። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው።

ሽማግሌ ቢሽረኝም ያልተሻርኩት ዋርሳሽ