ካርታው ላይ የሌለው ቤታችን

ውድ ወንድሜ፣

ደጋግሜ ብደውልልህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ከማለት በቀር መልስ አጣሁብህ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ አንተ ወደምታስተምርበት ከተማ ዕቃ የሚያመላልስልኝ ሹፌር ነው። ስብሰባ ላይ ነው ቢሉትም በሩ ላይ እንዲጠብቅህ ነግሬዋለሁ። ትዕግሥተኛ ነው፤ ከእኔ ጋር ሠርቶ የቆየ ሰው ነው።

እማዬ ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ያስጨነቀኝ ተማሪህ ናት፤ የፊታችን ሐሙስ የመመረቂያ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርበው። እንደምታውቀው ሱቅ ስዘጋ የቀኑን ውሎ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ይህን ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ብጽፈው አልቀለለኝም። ደብተር መልስ አይሰጥማ።

ልጅቱን «እህቴ ጋ ሂጂ፣ ሰፈሩን እሷ ታስተዋውቅሻለች» ብለህ ስትልካት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም ነበር። የምታስተምሩት ትምህርት ስሙ ራሱ ከሱቄ ማስታወቂያ ይረዝማል፦ የከተማ ፖለቲካዊ ሥነ ምህዳርና መሠረተ ልማት! «ምን ማለት ነው ይሄ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ውሃው ወደ ማን ይሄዳል፣ ወደ ማን አይሄድም፣ ይህንንስ የሚወስነው ማነው ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዲህ ብላችሁ አትጽፉትም?»

«እንዲህ ብንጽፈው ዲግሪ አይሰጡንም» አለችና ሳቀች። ያን ጊዜ ወደድኳት።

ከእኛ ሰፈር በላይ ያሉት ውሃ በየቀኑ ያገኛሉ፤ እኛ ጋ በፈረቃ ነው። በተራችንም ቀን ቢሆን ጉልበት የለውም። ስለዚህ አቅም ያለው ከእኔ ሱቅ ፓምፕ ይገዛና ከመስመሩ ላይ ያስገጥማል። ፓምፑ ይስብለታል፤ የሚስበው ግን ከጎረቤቱ ነው። ይህን ለአንተ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ስሸጠው፣ አንተ ስታስተምረው፣ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ልጅቱ ሰፈር ውስጥ ብቅ ስትል «ቆጣሪ አንባቢዋ መጣች!» ይባልና ፓምፑ ሁሉ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ጫማ ሰፊው የእሱን አልጋ ሥር ከትቶ «የታመመ ሰው ተኝቷል፣ አትግቢ» አላት አሉ። ፓምፑ አልጋ ሥር ሆኖ ሲያጓራ «ያስለዋል» አላት። እሷም «እግዜር ይማራቸው» ብላ ወጣች። በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ጠርቶ ብርድ ልብሱን ገለጠላት። የማንንም ስም እንደማትጽፍ ቃል ገባች፤ ሰፈሩም እሷን አመናት። እንዲህ ቤት ለቤት እየዞረች ነው ያን ካርታ የሠራችው፦ ፓምፕ ያለው ቤት ሰማያዊ፣ የሚደርቅበት ቤት ቀይ።

ቅዳሜ ዕለት ካርታውን አሳትማ ሱቄ መጣች። የእኔ ባንኮኒ ረጅም ስለሆነ እዚያ ላይ ዘረጋችው። ኩራቷን ብታየው! ጥግ ላይ የአንተ የእጅ ጽሕፈት በቀይ ቀለም ነበረበት፦ «ካርታው የተሟላ ነው። አንድም የጎደለ ቤት የለም።»

እኔም እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የፈለግኩት ቤታችንን ነው። የጫማ ሰፊውን ቤት አገኘሁት፤ ሰማያዊ። የልብስ አጣቢዋን የጎረቤታችንን ቤት አገኘሁት፤ ቀይ። በሁለቱ መሀል ባዶ ቦታ አለ።

«ቤታችን የት ገባ?» አልኳት።

ካርታውን መጠቅለል ጀመረች።

«ልጄ፣ እዚህ ቦታ ላይ አንዲት አሮጊት ትኖራለች። ለአንቺ ስንቴ ምሳ አቅርባልሻለች።»

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉት።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«መምህሬ ናቸው» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የእናታቸውን ቤት ሰማያዊ ቀብቼ እንዴት አድርጌ ልላክላቸው? ለመላክ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ። ከካርታው አወጣሁትና ላክኩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አላስተዋሉትም። ጭራሽ የተሟላ ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ እንዴት ብዬ አልተሟላም ልበላቸው?»

ወንድሜ፣ ተወልደህ ያደግክበት ቤት ነው። ስታነበው ምን እያየህ ነበር?

ያወጣችው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱ የጻፈችውን አንድ ገጽም ጭምር ነው። አንብቢልኝ ብዬ አስጨነቅኳት። ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ቤት ፓምፑ ሲነሳ የጎረቤቷ ቧንቧ ያስላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቷ ባዶ ጄሪካን ይዛ ትመጣለች። የቤቱ ባለቤት ሞልታ ትሰጣታለች። ጎረቤቷ መርቃ ትሄዳለች። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ውሃው ግን የማን ነበር?»

እኔ በቀላሉ ሆዴ የሚባባ ሰው አይደለሁም፤ በንግድ ላይ ሆድ መባባት ሱቅ ያዘጋል። ያን ስሰማ ግን «ድገሚልኝ» አልኳት። ከዚህ ገጽ የተሻለ ምን ልትጽፍ ነው? አንተስ ብታነበው ይህን ገጽ አውጪው ትላት ነበር? አትልም። ይህን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የምጽፍልህ። እሷ ግን አታውቅም። እሷ የምታውቀው በቀይ ቀለም የሚጽፈውን ሰው ነው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣልህ የመጀመሪያ ሥራው የራሱን ቧንቧ መከተል ነው አሉ። ከቤቱ ተነስቶ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በማን ደጅ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቀርበት እስኪያውቅ ስለ ሌላ ሰው አንዲት መስመር አይጽፍም። ልጅቱ ይህን ስታጫውተኝ ኮራሁብህ። አንተን ግን ይህን ሥራ ማንም አላሠራህም። ፓምፑን የገዛኸው እማዬ ባልዲ እንዳትሸከም ብለህ ነው፣ በፍቅር ነው። ፍቅርም ቢሆን ግን ከመስመር ይስባል።

እሑድ ለእማዬ ነገርኳት። ቀስ ብዬ ነው፣ እንደ እንቁላል። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ቆይ» አለች በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ የሰጠኋት የራሷን ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ስትመርቀኝስ? አሜን እያልኩ?»

ተነስታ ሄዳ የፓምፑን ሶኬት ነቀለችው። ከዚያ ዞር ብላ «ልጅቱስ ይሄን እያወቀች ምነው ዝም አለችኝ?» አለች።

«ልጅሽን ፈርታ ነው።»

«የኔን ልጅ? አይጥ አይቶ አልጋ ላይ የሚወጣውን?»

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በማግስቱ ጎረቤታችን እንደ ወትሮዋ ጄሪካኗን ይዛ መጣች፤ እማዬም በር ላይ አቁማ ሁሉንም ነገረቻት። ያቺ አፏ ከቀልድ የማይቦዝነው ሴትዮ ጄሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም። ጄሪካኑ እስካሁን እዚያው ነው፤ እማዬን «አንሺው» ብላት «ባለቤቷ ትምጣና ታንሳው» አለችኝ። ቁጭ ብላ እሱን ታያለች። የእኛ ቧንቧ አሁን ጠብ ጠብ ነው የሚለው፤ እሷም ባልዲ ሥሩ አድርጋ ትጠብቃለች። እህል በአፏ ለማዞር ልመና ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጬ ልቤ እዚያ ነው።

ትናንት አጣቢዋ ራሷ ሱቄ መጣች። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ያቺ ልጅ ይሄን ነገር ጽፋዋለች ወይ?» አለችኝ።

«ጽፋው ነበር።»

«ነበር?»

«ከጽሑፉ አወጣችው። ወንድሜን አክብራ።»

ባንኮኒው ላይ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። በሳሙና የተበሉ እጆች ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ። «ሰው ሁሉ ቧንቧሽ አርጅቷል ሲለኝ ቧንቧ ቀየርኩ። መክፈቻው ነው ሲሉኝ መክፈቻ ቀየርኩ። በእጄ ያለ የሰው ልብስ አረፋ እንደለበሰ ውሃው ቀጥ ሲል፣ ምናልባት እድሌ ነው ብዬ ነበር የማለቅሰው። እድሌ አለመሆኑ የሆነ ቦታ ይጻፍልኝ። ስሜን አልፈልግም። ይጻፍልኝ ብቻ።»

ይህን ብላ ወጣች። 

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እኔ በበኩሌ ለግቢው መሬት ውስጥ የሚቀበር ታንከር አዝዣለሁ፤ መስመሩን ሳይጎትት በራሱ ጊዜ የሚሞላ። የአጣቢዋን ግድግዳ አልፎ የሚገባ ቧንቧም ይኖረዋል፣ እሺ ካለች። ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ እችልበታለሁ። ገጹን መመለስ ግን የእኔም፣ የእማዬም ሥራ አይደለም። ልጅቱ ያለ አንተ ቃል አትመልሰውም። ጠይቄያታለሁ፣ ለምኛታለሁም፤ «እሳቸው ካላሉኝ» ትላለች። አትፍረድባት። ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ ደግሞ ጥያቄ የሚጀምረው ከባዶ ቦታ ነው ይባላል። በዚያ በተጨናነቀ ሰፈር መሀል ባዶ ቦታ ሲያይ ምንድነው ይሄ ይላታል። ደብቀሻል ከተባለች የለፋችበት ሁሉ ገደል ገባ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አንተ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዕቃ የጫነ መኪና ሲገለበጥብኝ እንኳ የተኛሁ ሰው ነኝ።

የሚያስፈራህ ነገር እንዳለ አላጣሁትም። «አማካሪው የሰው ቤት ሲቆጥር የእናቱን ረሳ» ብለው ባልደረቦችህ ያሙሃል። ይሙህ! ሐሜት እንደ ፈረቃ ውሃ ነው፤ ሳምንት ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። ልጅቱ ግን አንድ ጊዜ እውነትን ከጽሑፍ ማስቀረት ይቻላል ብላ ከተመረቀች፣ ነገ እሷም ተማሪ ታስተምራለች።

ስልክህን አንሳና ደውልላት። እሷ አትደውልልህም። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «የእናቴ ቤት የት አለ?» በላት፣ ይበቃታል።

ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ። እማዬም ትመጣለች፤ የምትለብሰውን ከአሁኑ አውጥታ ሰቅላዋለች። አጣቢዋንም በልጅ ልካ ጠርታታለች፤ እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም። የኋላ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። መጨረሻ ላይ «ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?» ይባላል ብላኛለች ልጅቱ። ቤታችን ካርታው ላይ ካለ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ከሌለ ግን እጄን አነሳለሁ።

እማዬ ካልቀደመችኝ።

ታላቅ እህትህ