በቀይ የተሰረዘው ጥያቄ

ለውድ ወንድሜ ለዮፍታሔ፣

የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ኮሌጅ ጥሩ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት ትምህርቱ ግን ግራ አጋብቶኛል። መምህሯ "የአንድ የቤተሰባችሁን አባል ውሎ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ" አለችን። እኔም የእማዬን ቅዳሜ ጻፍኩ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጎረቤት ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በሰው በር ላይ በቁልፏ ስትታገል ቆየች። ባለቤቶቹ ናቸው ይዘዋት የመጡት። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለን ሳቅን። ምሳ ሳቀርብ "ዮፍታሔ በላ?" አለችኝ። ሰመራ ለሥራ እንደሄድክ ነገርኳት። ሳህን ስናነሳ ደግማ "ዮፍታሔ በላ?" አለች። ሳጥብም እንደዚያው።

መምህሯ ሁለቱን ጥያቄ በቀይ ሰርዛ "ድግግሞሽ፤ አንዱ ይበቃል" ብላ መለሰችልኝ። ከግርጌው ደግሞ "ዋናው ሐሳብሽ ምንድን ነው?" ትላለች። ባወጣቸው ያየሁትን አልጻፍኩም፤ እንዳሉ ብተዋቸው ማርክ ይቀነስብኛል። ለዋናው ሐሳብ የተውኩት ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። አንተ ብትሆን ምን ትጽፍ ነበር?

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ቀደም ብትል ደስ ይለናል።

ይህን ስጽፍ እማዬ ሳህንህን አቅርባ ያንኑ ጠየቀችኝ። ዛሬ "በልቷል" አልኳት።

እመቤቴ በሰላም ታገናኘን።

እህትህ ትሕትና
ከልደታ