አባባና ጨረቃዋ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ አባባ ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ጠበቁኝ። ነገ ረመዳን ይገባ እንደሆነ ለማወቅ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ ካለው ዳገት ላይ ሆነን ጨረቃ ልናይ ነው።

«አባባ፣ አስልቼዋለሁ። ዛሬ በዓይን አትታይም» አልኳቸው።

«ስሌትሽን አምናለሁ፣ ልጄ። የታዘዝኩት ግን በዓይኔ ማየት ነው» ብለው ቀደሙኝ።

ጠዋት የትምህርት ቤታችን ካድሬ፣ «ፊዚክስ እያስተማርሽ ትጾሚያለሽ?» ሲለኝ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ክፍል ገብቻለሁ። ዳገቱን ስወጣም መልሱን እየፈለግሁ ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጨረቃ ግን የለችም። አባባ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ጎበዝ፣ ልክ ነሽ! በይ እንውረድ» አሉ።

እኔ ግን ዓይኔን ከምዕራብ መንቀል አቃተኝ።

«አትታይም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ ዞር ብለው።

እኔው ነኝ። ታዲያ እስኪጨልም ምን ስፈልግ ቆየሁ?