አመዳችን ቅዳሜ ኩርባው ላይ ይበተናል

ለክቡር ሙሴ አርማን ቴሴድር
የአምስቱ ሸለቆዎች የብስክሌት ዙር አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለዚያ ነጭ መኪናዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ የቫሎንግ ሰዎች ጉንፋን ከያዘው ከፉልክራን በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ከመላክ አልፌ በዳቦ ቤቱ መስታወትና በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ባለፈው ዓመት የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙና መንገድ ላይ ጠፍተው ይሆናል ብዬ በቅንነት ስላሰብኩ ነው።

ስሜን ባያስታውሱ አልቀየምም። ሲዶኒ አልሜራስ እባላለሁ። ከመንደራችን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቻለሁ። በየዓመቱ በየካቲት ውድድርዎ ሲመጣ ደግሞ ቢጫ ሰደሪያ ለብሼና ባንዲራ ይዤ የምንጩ ኩርባ ላይ በአስተናባሪነት ስቆም ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ኮሚቴዎ ሰሞኑን የላከልን ማስታወቂያ ደርሶናል። «በውድድሩ መንገድ ላይ ማናቸውንም ባዕድ ነገር፣ በተለይም አመድ፣ መበተን በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። አጻጻፉ ያማረ ነው። እንግዲህ በዚሁ ጉዳይ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ባይፈቀድልኝም አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ በረዶው። ከምንጩ የሚተርፈው ውሃ በብርድ ወራት መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፤ ኩርባው በኮረብታው ጥላ ስር ስለሆነም ሌሊት የረጋው በረዶ እስከ ቀትር አይቀልጥም። ከሩቅ ሲያዩት እርጥብ አስፋልት እንጂ በረዶ አይመስልም። ቀድሞ ተወዳዳሪዎቹ እዚያ የሚደርሱት በስድስት ሰዓት ነበር። እርስዎ ለቀጥታ ስርጭቱ እንዲመች ብለው ሁለት ሰዓት ስላስቀደሙት ዛሬ የሚደርሱት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ግን ከቴሌቪዥን ጣቢያው ጋር ውል ስላልፈረመች በድሮ ሰዓቷ ትመጣለች። ኩርባውን በአካል መጥተው ስለጎበኙልን ከልብ እናመሰግናለን፤ የመጡት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበርና ደረቅ ሆኖ ማግኘትዎ አልገረመንም።

ሁለተኛ፦ ስለ አመዱ። ከገና ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት የምድጃውን አመድ ያጠራቅማል፤ የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሁሉም በባልዲ ይዞ ይወጣና ኩርባው ላይ ይበትናል። ጎማ መሬት የሚይዘው በዚህ ነው። ማንም አላዘዘንም፤ ምስጋናም ጠይቀን አናውቅም።

እዚህ ላይ እርስዎ ሳያነሱት እኔው ላንሳው፤ ከስምንት ዓመት በፊት አጥፍተናል። ጡረተኛው የመንገድ ሠራተኛ ፉልክራን አሮጌ ሳጥን ፈልጦ አንድዶ ኖሮ፣ አመዱ ውስጥ ምስማር ቀርቶ የአሥራ አንድ ሰው ጎማ ተነፈሰ። ስጮህበት «ምን ላድርግ ሲዶኒ፣ ሳጥኑ ምስማር አለኝ አላለኝም!» ብሎ መለሰልኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ ታዲያ ዓይንህ ለጌጥ ነው?» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ባልዲ በእኔ ወንፊት ሳይነፋ ከመንደር አይወጣም። ዱቄት እምነፋበት ወንፊት ነበር፤ አሁን ለዱቄት አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አመዳችንን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በተንን፤ ሦስት ሰዓት ላይ የኮሚቴው መጥረጊያ መኪና መጥቶ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። አብሮ የመጣው ሰውዎ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ «ማዳም፣ በቀጥታ ስርጭት እኮ ነው የሚታየው፤ መንገዱ ቆሻሻ ይመስላል» አለኝ። «ጌታዬ፣ ሰው ሲወድቅም በቀጥታ ስርጭት ነው የሚታየው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሦስተኛ፦ ስለ ኤስኪል። ኖርዌጂያዊው ተወዳዳሪ ኤስኪል ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ መንገዱ በተጠረገበት በዚያው ጠዋት ሁሉንም ቀድሞ ብቻውን እየወረደ ነበር። ባንዲራዬን እያውለበለብኩ «ቀስ! ቀስ በል!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሰምቶኝ ፍሬን ያዘ፤ የፊት ጎማው ከስሩ ከዳውና ከምንጩ የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። የዳሌው አጥንት ሲሰበር ሰምቻለሁ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ከፉልክራን ጋር ካፖርቴን አልብሰን ይዘነው ቆየን። መጀመሪያ «ብስክሌቴስ?» አለ። ቀጥሎ «ምንድነው ያጠፋሁት?» አለኝ። «ምንም አላጠፋህም የኔ ልጅ፣ መንገዱ ነው» አልኩት።

የኮሚቴዎ ሪፖርት ግን እንዲህ ይላል፦ «የአደጋው መንስኤ፦ የተወዳዳሪው የአነዳድ ስህተት።» ስለ በረዶው አንድ ቃል የለም፤ ስለ መጥረጊያ መኪናውም አንድ ቃል የለም። ሁለት እርምጃ ርቄ የቆምኩትን እኔንም የጠየቀኝ የለም። ቡድኑ ይህችን አንዲት መስመር አንብቦ ቁልቁለት አይችልም ብሎ ውሉን ሳያድስለት ቀረ። እዚህ ላይ ክቡር ሆይ ትህትናዬ ያልቅብኛል። ተናድጃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ስናደድ ነው የከረምኩት። አጥንቱን በረዶው ሰበረው፤ ስሙን ግን የሰበሩት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፦ ዘንድሮ ከኩርባው አንስታችሁ የክብር እንግዶች መኪና ማቆሚያ ጠባቂ አድርጋችሁ ሾማችሁኛል። እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ ብዬ ላማርር ነበር፤ ተውኩት። ሹመቱን በታላቅ ምስጋና መልሻለሁ፤ መኪናዎቹ ቆመው ስለሚውሉ አይወድቁም።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ስለ ድምፅ ማጉያው ነበር። አሁን እዚህ ግባ የሚባል ስላልመሰለኝ ትቼዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤስኪል ማንም ስሙን የማያውቀው አንድ ትንሽ ቡድን ተቀብሎት ቅዳሜ ይወዳደራል፤ ራስዎ ባሳተሙት ዝርዝር ላይ አለ። ባለፈው ሰኞ ፖስታ ካርድ ጽፎልኝ ነበር፤ እነሆ ቃሉ፦ «ማዳም ሲዶኒ፣ ዳሌዬ ድኗል። ቁልቁለት ላይ ግን እጄ ሳላዘው ፍሬን ይጨብጣል። ቅዳሜ እዚያ ኩርባ ላይ ከፈራሁ ሌላ ቡድን አይፈልገኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ አመዱ ይኖራል?»

በዚያው ቀን መልስ ሰጠሁት። «ይኖራል» አልኩት። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የፈቃድ መጠየቂያ እንዳልሆነ ይረዱልኛል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሃያ ሦስት ቤት አመድ፣ ተነፍቶ፣ ኩርባው ላይ ይበተናል። መጥረጊያ መኪናው ከመጣ ፉልክራን ከነጉንፋኑ፣ ጋጋሪዋ ማዳም ዜሊና እኔ ተወዳዳሪዎቹ እስኪቃረቡ ወንበር ይዘን መንገዱ መሃል እንቀመጣለን። ሹፌሩ ድሮ በአውቶቡሴ ያመላለስኩት ስለሆነ ገፍቶን የሚያልፍ አይመስለኝም። እርስዎ ደግሞ በበኩልዎ ያቺን አንዲት የሪፖርት መስመር ሰርዘው እውነቱን ይጻፉባት፤ ከቅዳሜ በፊት ቢሆን ደስ ይለናል።

የመንገዳችንን ንጽሕና አብዝተው ለሚወዱት ለእርስዎ የማይቀዘቅዝ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ መልስዎን በዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ ከደብዳቤዬ ጎን እንዲለጥፉልን በትሕትና እጠይቃለሁ፤

ሲዶኒ አልሜራስ
የምንጩ ኩርባ አስተናባሪ፣ ዘንድሮም
ቫሎንግ

ማስታወሻ፦ አመዱን ራስዎ መጥተው ሊያስጠርጉ ካሰቡ በአራት ሰዓት፣ በዚያ ለስላሳ የቆዳ ጫማዎ ቢመጡልን እንወዳለን። መኪናዎን ከሚያቆሙበት እስከ ምንጩ ያለችውን የመንገድ ዳር፣ በማስታወቂያዎ መሠረት፣ ምንም ባዕድ ነገር ሳናስነካ እንተውልዎታለን። ቢወድቁም አይስጉ፤ ካፖርቴን አለብስዎታለሁ፣ ሪፖርቱንም እኔው እጽፍልዎታለሁ። መንስኤው ካሁኑ ተዘጋጅቷል፦ የእግረኛው የአረማመድ ስህተት።