የ«ሹፌሩ በድሉ» ደራሲ የመምህር ኣምባዬ ሓይሎም ዕረፍት

ከልደታ ንባብ ቤት ወዳጆች ማኅበር
ለአባላት፣ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለአንባቢያን በሙሉ
ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

የንባብ ቤታችን መሥራችና የ«ሹፌሩ በድሉ» ደራሲ መምህር ኣምባዬ ሓይሎም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ማኅበራችን ይህን ለአባላቱ የሚያሰማው በከባድ ሐዘን ነው። ብዙዎቻችንን ማንበብ ያስተማሩን እርሳቸው ነበሩ፤ የምናነበውን የሰጡንም እርሳቸው ነበሩ።

መምህር ኣምባዬ በ1921 ዓ.ም. በትግራይ ክፍለ ሀገር፣ በአክሱም አውራጃ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታትለው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመምህርነት ሥልጠናቸውን ካጠናቀቁ በኋላም በልደታ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊና አማርኛ ለሠላሳ ዓመት ያህል አስተምረዋል። መኖሪያቸው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር። ይህ መግለጫ ሲዘጋጅ በምን ማዕረግ እንጥራቸው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ማኅበሩም ጎረቤት፣ ተማሪና ባለሱቅ ሁሉ በሚጠራቸው በ«መምህር» ጸንቷል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የጎልማሶችን ክፍል ለመያዝ ፈቃደኛ ሆኑ። ቀን ልጆች ሲያስተምሩ ውለው ማታ ወላጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ፊደል ቆጥረን የምስክር ወረቀት ስንቀበል ግን ከግድግዳ መፈክርና በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ በስተቀር የምናነበው አልነበረንም። በጠመንጃ ያዥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው አባላችን ወ/ሮ መሪማ፣ «መምህር፣ ዓይናችንን አበሩልን፤ እሺ ምን እንይበት?» ብለው ጠየቋቸው።

መልሱ በ1972 ዓ.ም. አጋማሽ መጣ። መምህር ኣምባዬ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለጀማሪ አንባቢ እንዲመች በትልልቅ ፊደል የጻፉትን የ«ሹፌሩ በድሉ»ን የመጀመሪያ ክፍል በስቴንስል አባዝተው አመጡ። ቀበሌው በፈቀደልን ክፍል ንባብ ቤቱ የተከፈተውም በዚያው ወቅት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር አባላችን ወይዘሪት ወይንሀረግ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኛ ደግሞ ቅጂያችንን ይዘን በጣታችን እንከተላለን።

ላላነበቡት ወገኖች፣ በድሉ በአሰብ መንገድ ተሳቢ የሚነዳ ወጣት ነው። ብብቱ የተቀደደ ቡናማ ጃኬት ይለብሳል። ያፏጫል። ያበድራል፤ መልሶ መጠየቅ ግን ያፍራል። በየክፍሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል፦ ሚሌ ላይ ጎማ ይፈነዳበታል፣ ባቲ ላይ ከእህል ነጋዴ ይጣላል፣ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ልጅ ወድዶ ሳይነግራት ይመጣል። በመጨረሻው ገጽ ግን ሁልጊዜ እናቱ ቤት ይመለሳል። ከአባላቱ መካከል ልጅ ወይም ወንድም ሩቅ የሄደበት ብዙ ነበር። ስለዚህ ያ የመመለሻ ገጽ ሲነበብ ክፍሉ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ነበር፤ ታሞ በልጁ ትከሻ ተደግፎ የመጣም ነበር።

በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. በድሉ ሞተ። እዚያው አሰብ መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ ንዳድ ይዞት፣ ከመንገድ ዳር ባለች ሻይ ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ አረፈ። ሞቱ የተጻፈው በሦስት መስመር ነው። ወይዘሪት ወይንሀረግ አንብባ ስትጨርስ ሁላችንም ወረቀቱን ገለበጥን። ጀርባው ባዶ ነበር። ልብስ ሰፊው አቶ ፍሰሐ፣ «ሌላ ገጽ ወድቆ ይሆናል» ብሎ ከወንበሩ ሥር ፈለገ። ወ/ሮ መሪማ ግን የጠየቁት ሌላ ነበር፦ «ውሃ እንኳ የሰጠው ሰው የለም?»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለማኅበሩ ከባድ ነበሩ። የሞተው ሌላ በድሉ ነው ብሎ የተከራከረ አባል ነበር። ወረቀቱን የቀደደም፣ ቀድዶ ደግሞ መልሶ ያጣበቀም ነበር። አቶ ፍሰሐ እራት አልበላም ሲል ባለቤቱ፣ «ዘመድህ ነው እንዴ? ያልተፈጠረ ሰው ነው እኮ!» አለችው። እሱም፣ «ያልተፈጠረ ሰው ናፍቆኝ ነው የማልበላው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ መለሰላት። አብዛኞቻችን በቤታችን እንዲህ ለማለት አልደፈርንም። ሐዘናችን ለሌላ ሰው የሚነገርበት ስም አልነበረውም። ቅዳሜ ሲደርስ እግራችን ወደ ንባብ ቤቱ ይሄዳል፤ ገብተን እንቀመጣለን፤ የሚነበብ የለም።

በመጨረሻም አቶ ፍሰሐ፣ ወ/ሮ መሪማና ወይዘሪት ወይንሀረግ ማኅበሩን ወክለው ወደ መምህር ቤት ሄዱ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ኣክበረት በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጧቸው።

«መምህር፣ ይመልሱልን» አለ አቶ ፍሰሐ።

«የሞተ ሰው አይመለስም።»

«የገደሉት እርስዎ እኮ ነዎት! እርስዎ ብዕር ቢያነሡ እሱም ይነሣል።»

መምህር ኣምባዬ፣ «ብችል ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ወ/ሮ ኣክበረትን አይተው አቋረጡ። ወ/ሮ ኣክበረትም ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። መልእክተኞቹ ተቀይመው ወጡ። መምህርም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ንባብ ቤቱ መምጣት አቆሙ።

በግንቦት ወር ወ/ሮ መሪማ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። «እኛ ሰፈር ሰው ሞቶ ለቅሶ ሳይደረስ ቀርቶ አያውቅም። ያናደደን የበድሉ መሞት ብቻ አይደለም፤ ሳናለቅስለት መቅረታችን ነው» አሉ። ሐሳቡ ተደገፈ። የቀበሌው አዳራሽ «ለሥነ ጽሑፍ ውይይት» ተብሎ ተፈቀደ። ንፍሮ ተቀቀለ፤ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። ለመምህር ቤትም መልእክት ተላከ። ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ከወ/ሮ ኣክበረት ጋር ግን መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር አጠገብ ተቀመጡ።

እንደ ወጉ ስለ ሟቹ ተራ በተራ ተነገረ። አቶ ፍሰሐ፣ «ያችን የተቀደደች ጃኬት አምጣትና ልስፋልህ እንዳልኩ ቀረሁ» አለ። የአሰብን መንገድ በእውነት የሚመላለሰው አቶ አብዱልሃሚድ፣ «ሚሌ ላይ ቆሜ ሻይ ስጠጣ ዓይኔ ከሚመጡት መኪኖች መካከል እሱን ይፈልጋል። እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ይፈልጋል» አለ። ሳቅም ነበር፤ እንባም ነበር።

ተራው የመምህር ኣምባዬ ሲሆን ተነሡ። «በድሉ ልጅ ሳለ…» ብለው ጀመሩ። ቀጥለው፣ «ልጅ ሳለ በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለይ ነበር» አሉ። እዚህ ላይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እንደገና ሲናገሩ የጠሩት ስም የበድሉን አልነበረም። የአንድያ ልጃቸውን ስም ጠሩ።

ልጃቸው በሠራዊቱ ውስጥ ሹፌር ሆኖ ሰሜን መሄዱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማረፉን ግን የሰማ አልነበረም። ከመጋቢት ወር ጀምሮ መምህር ኣምባዬ ብቻቸውን ይዘውት ቆይተዋል። ለፈቃድ የመጣ አንድ ጓደኛው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ንዳድ ያዘው። ብዙ አልቆየም። እዚያው ቀበርነው» ብሎ ነግሯቸው ሄዷል። ወ/ሮ ኣክበረት የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑና ሐኪም ድንጋጤ ስለከለከላቸው መርዶውን ሊያረዷቸው አልደፈሩም። በቤታቸው እንደ ወትሮው እየበሉ፣ እየጠጡ፣ «ዛሬም ደብዳቤ የለም?» ሲባሉ «የለም» እያሉ ከረሙ። ለልጃቸው ማልቀስ ሲያቅታቸው በድሉን ቀበሩት።

ወይዘሪት ወይንሀረግ ይወድቃሉ ብላ ወ/ሮ ኣክበረትን ለመደገፍ ሮጠች። ወ/ሮ ኣክበረት ግን እጇን በቀስታ ከላያቸው አነሡ።

«ተይኝ ልጄ፤ አውቃለሁ» አሉ። «በድሉ የሞተ ቀን ነው ያወቅሁት። እሱ በድሉን በከንቱ አይገድለውም።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አሏቸው።

ለቅሶው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። በዚያ አዳራሽ የራሱን ሰው ያላሰበ አልነበረም። ማን ለማን እንዳለቀሰ መለየት አይቻልም፤ ማኅበሩም ለመለየት አይሞክርም።

መምህር ኣምባዬ በ1976 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ ሙሉ ጊዜያቸውን ለንባብ ቤታችን ሰጥተዋል። ስለ ሀገራችን ወንዞች ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ወደ ከተማችን ለመጡ ልጆች የንባብ ክፍል ከፍተዋል፤ ሕመሙ እስኪጥላቸውም ድረስ አስተምረዋቸዋል። በድሉን ግን አልመለሱትም። እኛም ከዚያ ቀን በኋላ ይመልሱልን አላልናቸውም። መናፈቃችን ግን አልቀረም። ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተነቧል። የዲቾቶው ክፍል ሲደርስ ነባር አባላት ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ አዳዲሶቹ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ይቀመጣሉ። በረንዳ ላይ ቆመን ውስጥ የንባቡ ድምፅ ሲያበቃ እንሰማለን። አዲሶቹ ሲወጡ ዓይናቸውን አይተን ቦታ እንለቅላቸዋለን።

ባለፈው ወር ወ/ሮ መሪማ መምህርን ሆስፒታል ሊጠይቁ ሄደው ነበር። «አይቆጡኝና መምህር፣ ባይሞት ኖሮ በድሉ አሁን የት ይሆን ነበር?» አሏቸው። መምህር ኣምባዬ ለማሰብ እንኳ አልዘገዩም።

«አዋሽ ላይ ጎሚስታ ከፍቷል» አሉ። «ወፍሯል። የኮምቦልቻዋን ልጅ አግብቷል። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ትንሿ እንደ እሱ ታፏጫለች። እናቱ ቁጣዋ ብሶባታል።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉልንም?»

«ከጻፍኩት ያልቅብኛል መሪማ» አሏቸው።

ቀብራቸው ረቡዕ ዕለት በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። በዕለቱ ከቤተ ዘመድ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሌላ፣ መምህርን በአካል አይተዋቸው የማያውቁ፣ በድሉን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ከሜክሲኮ አደባባይና ከዚያም ርቀው መጥተው ነበር። ማኅበሩ ምስጋናውን ያቀርብላቸዋል። ለትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ለጠመንጃ ያዥ ጎረቤቶቻቸው፣ በእጃቸው ለተማሩ ሁሉ ብርታቱን ይስጣችሁ ይላል። በመጽሐፍ ሰው ሞት አዝናችሁ፣ ያንንም ለሰው መንገር ያፈራችሁ አንባቢያን፣ ለእናንተም ጭምር።

ለወ/ሮ ኣክበረት ማኅበሩ በዚህ ሐዘን ምን ሊያደርግላቸው እንደሚችል ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም፣ «የእሱን ስታወጡ የልጄንም ስም አውጡልኝ። አንድም ቦታ ተጽፎ አላየሁትም» ብለዋል። ማኅበሩ ጥያቄያቸውን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል።

ገብረአረጋዊ ኣምባዬ፣ በ1948 ዓ.ም. ልደታ ተወልዶ በ1975 ዓ.ም. በሰሜን በግዳጅ ላይ ሳለ አረፈ። ለእርሱም እናዝናለን።

የልደታ ንባብ ቤት ወዳጆች ማኅበር