ካርታው ታምኖ ወፉ ስላልታመነበት ጉዳይ

ለአውራጃችን የብርቅ ወፎች መዝገብ አጣሪ ኮሚቴ፣ በተለይም ለክቡር ጸሐፊው ለሚስተር ሎርካን ስዊትማን፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ ደኅና ይሁን። በዚህ አውራጃ አንድ ነገር ታየ የሚባለው እርስዎ ሲያዩት ብቻ መሆኑን በዚህ በጋ ስለተማርን፣ እኛ የባሊሞሬን መንደር ሰዎች ለራሳችን ዓይን መጸለይ ትተን ለእርስዎ ዓይን መጸለይ ጀምረናል።

ዴርቭላ ቱሂ እባላለሁ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ወፍ የማውቀው ወንድሜ ፊንታን እራት ላይ የሚነግረኝን ያህል ነው፤ እሱም ቢሆን ከፈለግሁት በላይ ነው። ፊንታንን ያውቁታል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በብስክሌት ፖስታ ሲያድል ኖሯል። ያየውን ብርቅ ወፍ ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ጽፎ ለኮሚቴዎ መላክ ከጀመረ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ከእናንተ ያገኘው ምስጋና በአንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው ባዶ ቢሆንም ክብደቱ ያው ነው።

ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ጁን ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ፊንታን አሸዋ ማውጫው አጠገብ ብስክሌቱን አጥር ላይ ጥሎ፣ «ዴርቭላ፣ ቶሎ ነይ! የለም፣ የለም፣ ቀስ ብለሽ ነይ!» አለኝ። በስልክ ሽቦው ላይ ጉሮሮው ቢጫ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ መንቁሩ ቆልመም ያለ ወፍ ተቀምጦ ነበር። ከወይዘሮ ኪዮ ቀፎዎች የወጡትን ንቦች በአየር ላይ እየቀለበ፣ ሽቦው ላይ እየቀጠቀጠ ይውጣቸዋል። ንብ በል ወፍ ነው፤ ለእኛ አውራጃ የመጀመሪያው። ወንድሜ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲጽፍና ሲስል ቆየ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ስልክ ይደውል ነበር። እሱ ግን የፖስታ ቤት ሰው ነውና ቅጻችሁን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሞልቶ፣ የቦታውን ካርታ በእጁ ስሎ፣ በአደራ ፖስታ ላከላችሁ። ቅጹ ስለ ተመልካቹ ዓይን ይጠይቃል። ግራ ዓይኑ እየደከመ መሆኑንም ሳይደብቅ ጻፈ። እውነት መናገር ደግነት ነው ብላ ያሳደገችን እናታችን ዛሬ ብትኖር ኖሮ ይህን ትምህርት ታሻሽለው ነበር።

የእናንተ መልስ በጁን ሃያ ደረሰን። «አልተረጋገጠም።» ወፉ ከሰው ቤት ያመለጠ በቀቀን ሊሆን እንደሚችል፣ የተመልካቹ ዕድሜና የዓይን ሁኔታ ግምት ውስጥ እንደገባ፣ ሁለተኛዋ ምስክርም እህት ስለሆነች እንደማትቆጠር በትሕትና ገልጻችኋል። ከእኔ ጋር ስድሳ ዓመት ሲጣላ የኖረው ፊንታን፣ እኔ ለእሱ ስል እንደምዋሽ የሚያምን ሰው መገኘቱን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀ።

፪. ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ጁን አሥራ ሁለት ቀን፣ ማለትም የእምቢታው ደብዳቤ ከመድረሱ ስምንት ቀን ቀድሞ፣ አንድ ክቡር ሰው መኪናቸውን የግቢያችን በር ላይ ገትረው ወረዱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ግን እንግዳ ናቸው ብዬ ሻይ ይዤ ወጣሁ። «ሚስ፣ ወደ አሸዋ ማውጫው በዚህ ነው?» አሉኝ፤ በእጃቸው ወደያዙት ወረቀት እያዩ። ወረቀቱ በሰማያዊ ቀለም የተሳለ ካርታ ነበር። ጥጉ ላይ የስኒ መቀመጫ ያህል ክብ የሻይ ነጠብጣብ አለ። ነጠብጣቡን አውቀዋለሁ፤ ፊንታን ሲስል ስኒዬን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሻዩን ጠጡት። ስኳርም ጨመሩ።

በጁላይ የወጣው መጽሔታችሁ እንዲህ ይላል፦ «ንብ በል ወፍ፣ አንድ፣ ባሊሞሬን፣ ጁን ፲፪። ለአውራጃው የመጀመሪያው።» ከጎኑም፣ የአግኚው ስም በሚሰፍርባት በዚያች ትንሽ ቅንፍ ውስጥ፣ «ሎ.ስ.» ይላል። ያየኸው በቀቀን ነው የተባለ ሰው የሳለው ካርታ በትክክል ወደ ንብ በል ወፍ ማድረሱ ሳይንስ ገና ያልፈታው ምስጢር ይመስለኛል። ካርታው ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ ምስክር ታመነ። ወፉ ግን አልታመነም።

፫. ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። ያገኙትን ለራስዎ ብቻ አላስቀሩም። ወዲያው ለአየርላንድና ለብሪታንያ ወፍ ተመልካች ሁሉ በስልክ አሰራጩት፤ በጁን አሥራ አራት ሁለት መቶ የሚሆን ሰው መነጽሩን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ የጎረቤታችንን የሄጋርቲን ድንች ረግጦ ቆመ። ሄጋርቲ ወጥቶ፣ «ወንድሞች፣ የቆማችሁበት እኮ እራቴ ነው!» ቢል፣ አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «እሽሽ፣ ወፉን ታስደነግጥብናለህ» አለው። በማግስቱ ወፉ የለም። ሰዎቹም የሱቃችንን ዳቦ ጠራርገው በልተው ሄዱ። መጽሔታችሁ «ወፉ ጉዞውን ቀጠለ» ብሎ ጽፏል፤ አዎ፣ እኔም ሁለት መቶ ሰው መኝታ ቤቴ ደጃፍ ቢቆም ጉዞዬን እቀጥል ነበር።

፬. አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ እንደ ምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አቅቶኛል።

የከተማው የዓይን ሐኪም ለፊንታን እስከ ገና ድረስ ብቻ ማንበብ እንደሚችል ነግሮታል። ከዚያ በኋላ የነገሮችን ዳር ዳር እንጂ መሐላቸውን አያይም። ዓመታዊው መጽሐፋችሁ በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ማተሚያ ቤት ይገባል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ስም በዚያች ቅንፍ ውስጥ በማጉያ መነጽር ሲያነብ አይቻለሁ። ለአውራጃው አዲስ ከሆነ ወፍ ጎን የእሱ ስም ሰፍሮ አያውቅም። እሱ ምንም አልጠየቀም። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ እንደሆነ ቢያውቅ፣ «ተይው ዴርቭላ፣ ወፉን አይቼዋለሁ አይደል» ይለኛል። እኔ ግን አልተውም። «ፊ.ቱ.» የምትለዋን ገና ማየት እየቻለ በገዛ ዓይኑ እንዲያነባት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። በወንድሜ ላይ የተሠራው ነገር አናዶኛል፤ አሳፍሮኛልም፤ ስኳሩን ማቅረቤም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የኮሚቴው ዕድሜ ይርዘም፣ መነጽሩም አይጨልም እያልኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሁለት ጤነኛ ዓይኖች ኖረዋት፣ እህት በመሆኗ ብቻ ያልተቆጠሩላት፣
ዴርቭላ ቱሂ
ባሊሞሬን፣ ሴፕቴምበር ፫

ማስታወሻ፦ አንድ ትንሽ ነገር ልረሳ ነበር። ወፉ ጉዞውን አልቀጠለም። በጁን መጨረሻ ወይዘሮ ኪዮ ወደ ቤታችን መጥታ፣ «ፊንታን፣ ያ ሌባህ ተመልሷል፤ ደግሞ ሚስት አግብቷል» አለችው። «ለማን ነገርሽ?» ሲላት፣ «ላንተ ብቻ፤ ከንቦቼ እንደሆነ አሥራታቸውን ይውሰዱ» አለች። እስከ እሑድ ድረስ ግን መንደሩ ሁሉ አወቀ። አባ ማላኪ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ዛሬ የማልነግራችሁን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እንዳታወሩት» ብለው ባረኩን። የአውቶቡሱ ሹፌር መነጽር ያንጠለጠለ መንገደኛ በጠየቀው ቁጥር ከባሕረ ሰላጤው ማዶ እየወሰደ ያወርደው ነበር። አንድ መቶ ዐሥራ ሦስት ሰው ሁለት ወር ሙሉ አፉን ያዘ፤ በዚህ መንደር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

ጫጩቶቹ በኦገስት ማብቂያ ወላጆቻቸው አሸዋው ውስጥ ከቆፈሩት ጎሬ ወጥተው በረሩ። ፊንታን ያን ቀን ጥርት አድርጎ ሊያያቸው አልቻለም፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ ጩኸታቸውን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «አምስት ናቸው» አለ። የሄጋርቲ ልጅ ያነሳቻቸው ስድሳ አንድ ፎቶግራፎች በማግስቱ ታዩ፤ አምስት ናቸው። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው የሚለውን አባባል ለማን እንደምተወው ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

ለአውራጃው የመጀመሪያው የንብ በል ወፍ ጎጆ ቅጽ ከነፎቶግራፎቹ፣ ከነአንድ መቶ ዐሥራ ሦስቱ ፊርማ፣ በወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የጁኑ ወፍ ቅንፍ በተስተካከለ ማግስት በአደራ ፖስታ ይደርሳችኋል። ወፎቹ በሚቀጥለው በጋ ወደዚያው ስፍራ ሊመለሱ ስለሚችሉ፣ በዚህኛው ቅጽ ላይ ካርታ አላያያዝንም።