ፀሐይን በጀርባዬ አድርጌ

ስኮትዴል፣ አሜሪካ፣ ኦገስት 10 ቀን 2003

ውድ ነዚፋ፣

ኦርክኒን አይቼ ተመለስኩ። ደሴ ጂኦግራፊ ሳስተምር ከስኮትላንድ በስተሰሜን በጠመኔ ነጥብ ነጥብ የማደርጋቸው ደሴቶች ናቸው። "ነጥቡን ከምትደጋግመው ሄደን ብናየውስ?" ትዪኝ ነበር። እዚህ ከመጣንም በኋላ በየዓመቱ "የሚቀጥለው ክረምት ይሁን" እያልኩ አሳለፍኩት። በመጨረሻ ሁዳ ሁለት ትኬት ገዛችልን፤ አንቺ ግን በጥር አረፍሽ።

አልሄድም ስላት ልጅሽ ጮኸችብኝ። "አባ፣ ትኬቱን ሪፈንድ አያደርጉም እኮ! ግድግዳ ከምታይ ባህር እይ። ጀስት ሂድ!" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእማዬ ዱዓ እያደረግክላት ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ዋሸኋት። ከቀብርሽ ወዲህ አንድም ሰላት አላጓደልኩም፤ ስምሽን ግን አንስቼ አላውቅም። "አላህ ይማራት" የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። እጄን እዘረጋለሁ፣ ፊቴን አብሼ እነሳለሁ። ደሴቱ ላይ እለዋለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠርኩ።

ኦርክኒ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በአውቶቡስ ወጣሁ። መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ በገደሉ ጫፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ተጓዝኩ። በግራዬ ባህር፣ በቀኜ በጎች። ከገደሉ ሥር ማዕበሉ ነጭ ሆኖ ይሰበራል፤ ወፎቹ ነፋሱ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ውብ መሆኑን አውቄያለሁ። ማወቅ ብቻ ነው። የተማሪ መልስ እንደማርም አየሁት፤ ትክክል ነው ብዬ አለፍኩት።

የቀትሩ ሰላት ዙህር ሲደርስ ከአንድ ቋጥኝ ፊት መስገጃዬን አነጠፍኩ። ከቋጥኙ ራቅ አድርጌ ነው ያነጠፍኩት፤ ቤት እንደለመድነው ከኋላዬ የአንቺን ቦታ ትቼ። ሰገድኩ። እጄን ዘረጋሁ። ቃሉ አሁንም አልመጣም።

ስነሳ ውሻ ይዞ የቆመ አንድ ሽማግሌ ያየኛል። ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ይመስላል።

"ኖርዌይን እየጠበቅክ ከሆነ ዛሬ አትመጣም!" አለኝ።

"ወደ መካ ነው የዞርኩት" አልኩት።

ሰውዬው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በዱላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠቆመኝ። "እኔ ብሆን በዚያ በኩል ነበር የምሞክረው" አለና ሄደ።

ትክክል ነበር። ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ከስኮትዴል ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከኦርክኒ ግን ደቡብ ምሥራቅ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጓሯችን ውስጥ ዙህርን የምሰግደው ፀሐይን በጀርባዬ አድርጌ ነው፤ እዚያም እንደዚያው አደረግኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አቅጣጫ ያስተማርኩ ሰው! ኮምፓሱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ስኮትዴል የገባን ሳምንት ትዝ ይልሻል? እንደ አገራችን ወደ ሰሜን ዞሬ ስቆም ከኋላዬ ጉሮሮሽን ጠረግሽ። "መምህር፣ ደሴ ያለን መሰለህ እንዴ?" ብለሽ እስኪደክመን ድረስ ሳቅን። ደሴቱ ላይ ግን ስቼ ስቆም ጉሮሮውን የጠረገ የለም። ሰግጄ እስክጨርስ ማንም ምንም አላለኝም።

ሰላቱን ደግሜ ሰገድኩ። ኮምፓሱን አውጥቼ መስገጃውን አዞርኩት፤ እስከ ቋጥኙ ድረስም አስጠጋሁት። ከኋላዬ ቦታ አልተውኩም። ሳበቃ እጄን ዘረጋሁና "ያ አላህ፣ ነዚፋን ማራት" አልኩ። አላለቀስኩም። የእንቁላል ሳንድዊቼን በላሁ፣ አውቶቡሱም በሰዓቱ መጣ።

ሁዳ ኤርፖርት ልትቀበለኝ መጥታ ሻንጣውን መኪና ውስጥ ሳትጭን ጠየቀችኝ። "ዱዓ አደረግክላት?"

"አዎ" አልኳት። "በሁለተኛው።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ከእንግዲህ ኮምፓሱን አስቀድሜ አወጣለሁ።

አላህ ይማርሽ፣ ነዚፋ።

መንሱር